የጣና እንቁራሪቶችና የእኛ አደራ

በዘጸአት ምዕራፍ 8 ጓጉንቸሮች፣ ማለትም እንቁራሪቶች፣ በዝተው ለግብፅ መቅሠፍት ሆኑ። ዛሬ የሚያስፈራው ግን ማነሳቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት ከእንቁራሪትና ከዘመዶቿ ዝርያዎች 41 በመቶ ያህሉ የመጥፋት አደጋ እንዳንዣበበባቸው አሳይቷል። ምክንያቶቹ የመኖሪያ መጥፋት፣ በሽታና የአየር ንብረት ለውጥ ናቸው። እንቁራሪት በቆዳዋም ስለምትተነፍስ የተበከለ ውሃ ቶሎ ይጎዳታል።

በጣና ዳርም በብዙ ቦታ ደንገሉ ተጨፍጭፎ ረግረጉ እርሻ ሆኗል። ጌታ እምቦጩን እንዲነቅልልን እየጸለይን የፀረ ተባይ መርጫችንን በሐይቁ ብናጥብ፣ እጃችን ጸሎታችንን አያፈርስምን? አዳም ገነትን እንዲጠብቅ አደራ ተቀብሎ ነበር። ደንገሉን ማትረፍ፣ መርዙንም ከውሃው ማራቅ የዚያ አደራ ክፍል ነው፤ ለፈጣሪም የሚቀርብ አምልኮ ነው።