ሚስጥር ቁጥሩን ማን ያውቃል?

በሰፈራችን የቴሌቪዥን ድምፅ ሲጠፋ፣ የአንዱ ስልክ በገዛ እጁ ወደ ቻይንኛ ሲገለበጥ፣ የሌላው ፍላሽ አልከፈት ሲል የሚጠራው ሰው አሁንም እኔው ነኝ። ክፍያዬ ሻይ ነው። ዕቃው ካልተሠራ ሻዩም አይመጣምና በዚህ ሙያ ብዙ ቀን ተጠምቼ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ።

ዛሬ የማጫውታችሁ በገላን ከአስፋልቱ ዳር ስላለች አንዲት ሱቅ ነው። ሱቋ ዳቦ፣ ዘይት፣ ሳሙናና የሞባይል ካርድ ትሸጣለች፤ በስልክ የተላከ ገንዘብም ታወጣለች። ከዐስር ሶላት በኋላ ብትመጡ እናቶች ተሰልፈው ታገኛላችሁ። ባንኮኒው ላይ የተደገፈው ልጅ ዕድሜው ቢበዛ አሥራ ስድስት ነው። ስልካቸውን እየተቀበለ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ “እማማ፣ ሚስጥር ቁጥርዎ?” ይላል። እሳቸውም ይነግሩታል። ገላን ደግሞ የከባድ መኪና አገር ናት፤ አንዱ ተሳቢ ሲያልፍ ሱቁ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ልጁ “አልሰማሁም!” ይላል፣ እናት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይደግሙታል፣ ከኋላ የተሰለፈውም በቃሉ ይይዘዋል። እኔ ራሴ ዳቦ ልገዛ ሄጄ፣ ሳልፈልግ፣ የአራት ሰው ሚስጥር ቁጥር አውቄ ተመልሻለሁ።

ከአራቱ አንዷ እናቴ ነበረች። የእሷንስ ድሮም አውቀው ነበር፤ ያወጣሁላት እኔ ነኝ።

ያለ ሰው እጅ ያልሄደ ድምፅ

ለነገሩ የእኛ ቤተሰብ ድምፅ ያለ ሰው እጅ ሄዶ አያውቅም። ፊደል ያልቆጠረ አባት ለልጁ የሚጽፈው ከፖስታ ቤት ደጃፍ በተቀመጠ ደብዳቤ ጸሐፊ እጅ ነበር። የቤቱን ጉድለት፣ የላሚቱን መሞት፣ የሴት ልጁን ኒካሕ ለማያውቀው ሰው ይዘረግፋል። ጸሐፊው ግን ሐዘኑንም ደስታውንም “ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ” በምትል አንድ መግቢያ ጀምሮ ባንድ ገጽ ይጨርሰዋል፤ ሁለተኛ ገጽ ተጨማሪ ሒሳብ አለው።

ስልክ ሲመጣም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ሥራው የተጀመረውና ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ያን ያህል መንገድ የሚሄድ ቃል መካከል ላይ ገመዱን የሚያገናኝ ሰው ያስፈልገው ነበር፤ የሚያገናኝ ሰው ደግሞ ጆሮ አለው።

በልጅነቴ በ1980ዎቹ አጎቴ ጅዳ ነበር። ደብዳቤውን ትቶ ካሴት መላክ ጀመረ። መልስ ለመስጠት እኛም የቆየ የመንዙማ ካሴት እናነሳና፣ በጀርባው ያሉትን ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች በወረቀት ደፍነን፣ ላዩ ላይ እንቀዳለን። አያቴ ንግግሯን ትጀምርና ታለቅሳለች፤ ቴፑ ልቅሶዋን ይቀዳል፤ ከልቅሶው ማዶ የዶሮው ጩኸት ይሰማል። ካሴቱን የሚወስደው መንገደኛ ደግሞ መንገድ ላይ እንደሚያዳምጠው የታወቀ ነው። አጎቴ ዘንድ ሲደርስ ካሴቱን ከመስጠቱ በፊት “እናትህ በጣም ናፍቀውሃል” ይለው ነበር አሉ።

ለአስቸኳይ ነገር ቴሌ ቤት ተሂዶ ወረፋ ይያዛል። “ጅዳ፣ ካቢን 3!” ተብሎ ሲጠራ መላው ቤተሰብ ወደ አንዲት ጠባብ ሳጥን ይጋፋል። አባቴ የሚጮኸው ያለ ስልክም እዚያው ድረስ እንዲሰማ ያህል ነበር። ታዲያ የሁለቱ ንግግር ሁልጊዜ ይጋጭ ነበር፤ አንዱ “ሀሎ” ሲል ሌላውም “ሀሎ” ይላል፣ ሁለቱም ዝም ይላሉ፣ ደቂቃው ግን ይቆጥራል። እኔ ይህ ነገር የቤተሰባችን ጠባይ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ሳድግ ነው ምክንያቱ የገባኝ። በደርግ ዘመን ሱሉልታ ላይ የሳተላይት መሬት ጣቢያ ተተክሎ ነበር። እንዲህ ባለው መንገድ ድምፅ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ወጥቶ፣ ሳተላይቱን ነክቶ፣ ያንኑ ያህል ቁልቁል ይወርዳል። በብርሃን ፍጥነትም ቢሆን ይህ የሰከንድ ሩብ ይፈጃል፤ መልሱም ሩብ ይወስዳል። አባቴና አጎቴን ያጋጫቸው ያ ግማሽ ሰከንድ ነበር።

ደላላ የሌለበት ዘመን

አሁን ያ ሁሉ ቀርቷል። ገላንም ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከሌሎቹ ጋር በ2015 ዓ.ም. ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ሥር ገብታለች። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም. መስከረም የሳፋሪኮም መስመር፣ ነሐሴ ላይ ደግሞ ኤምፔሳ ተከተለ። ኢትዮ ቴሌኮም የ2017ን በጀት ዓመት ሲዘጋ የቴሌብር ደንበኞች ከ50 ሚሊዮን በላይ መድረሳቸውን አስታውቋል። እኔም እንደ ዕቃ ወዳድነቴ ከሁሉ በፊት ተመዝግቤ፣ ጎረቤቱን ሁሉ “ከእንግዲህ ደላላ የለም፤ ገንዘባችሁ በኪሳችሁ፣ ባንካችሁ በእጃችሁ ነው” እያልኩ ሰበክሁ። የእናቴን ስልክ ተቀብዬ መዘገብኳት፣ ቁጥሩን አወጣሁላት፣ “ሲቸግርሽ ለሱቁ ልጅ ንገሪው፣ እሱ ያወጣልሻል” አልኳት። ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ።

ባለፈው ዐረፋ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስልኳ ጮኸ። ደዋዩ ትሁት ወጣት ነው። “እናት፣ እንዴት ዋሉ? ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ እያደስንልዎ ነው። አሁን በመልእክት የገባልዎን ቁጥር ቢያነቡልኝ” አላት። ማንበብ አልቻለችም፤ የጎረቤት ልጅ ጠርታ አስነበበችለት። ቀጥሎ ሚስጥር ቁጥሯን ጠየቃት፤ ነገረችው። አመሰገናት፣ ረጅም ዕድሜ ተመኘላትና ዘጋ። ለዐረፋ በግ ብላ ያጠራቀመችው ገንዘብ ከደቂቃዎች በኋላ አልነበረም።

ይህን የነገረችኝ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። በጉ ለምን እንደዘገየ ደጋግሜ ስጠይቃት ነበር የወጣው። ገንዘቡ አልነበረም የቆረቆራት፤ “ሞኝ ሆንኩብህ” ነው ያለችኝ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ስልኳን ሳጥን ውስጥ ቆልፋ፣ እኔ ስመጣ “ባትሪው አልቋል” እያለች ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ እናቴ ሞኝ አይደለችም። ቁጥሩን ለጠየቀ ሰው ሁሉ መስጠት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ለሱቁ ልጅ ስጪ ብያታለሁ፤ ልጁ አንድም ቀን አላታለላትም። እንግዲህ በትህትና የጠየቀውን ሁለተኛውን ልጅ በምን ትለየው? ደብዳቤ ጸሐፊው ምስጢራችንን ያውቅ ነበር፣ ግን ደጃፉ ላይ እናገኘዋለን። የካሴቱ መንገደኛ ልቅሶአችንን ይሰማ ነበር፣ ግን የማን ልጅ እንደሆነ እናውቃለን። አማና የሚባለው ነገር ተቀባዩ ሲታወቅ ነው። በአዲሱ ዘመን በመካከል ያለው እጅ አልጠፋም፤ የጠፋው ፊቱ ነው።

ትልቁ እጅ

የሱቁን ልጅና ሌባውን ካነሳሁ ዘንድ ከሁለቱም በላይ ስላለው እጅ ሳልናገር ባልፍ ወገንተኛ እሆናለሁ።

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከእኛ ብዙም በማይርቀው በገላን ኮንዶሚኒየም በጥይት ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ፤ ለሦስት ሳምንታት ገደማም ተዘግቶ ቆየ። የብዙ ሰው ሕይወት የጠፋበት፣ ቤት ንብረት የነደደበት ሰሞን ነበር፤ የተዘጋውም ሁከቱ እንዳይባባስ ነው ተባለ።

ጎረቤታችን፣ እኛ አዴ የምንላቸው፣ ሴት ልጃቸው ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ልጅቷ ሲም ካርድ አልነበራትም። በአሠሪዎቿ ዋይፋይ፣ ሁሉም ሲተኛ፣ በኢሞ የድምፅ መልእክት ትልካለች፤ አዴም ጠዋት ከሱብሒ በኋላ ያዳምጣሉ። ፊደል አያስፈልግም፣ ጸሐፊ አያስፈልግም፤ ያችን ጥቁር ቀስት መንካት ብቻ ነው። ከስልክ ሥራ ሁሉ ያለ ሰው እጅ የሚችሉት እሷኑ ነበር። በዚያው ሰሞን የሊባኖስ ኑሮ ተናግቶ አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን እያመጡ ቤይሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ይጥሏቸው ነበር። ወሬውን አዴ በቴሌቪዥን አዩት። ስልኩ ዝም አለ። መደበኛው ጥሪ ይሠራል፤ ግን በየትኛው ቁጥር ይደወላል? እሳቸው ያላቸው ቁጥር ሳይሆን ቀስት ነው።

በየቀኑ ወደ እኔ ይመጡ ነበር። “አንተ ታውቅበት የለም? ሥራልኝ” ይሉኛል። እኔም አጥፍቼ አበራዋለሁ። አጥፍቶ ማብራት የእኛ ሙያ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም መድኃኒት ነው። ስልኩ ደህና ነበር። የተሰበረው ነገር የእኔ እጅ የማይደርስበት ቦታ ነበር።

መስመሩ ሲለቀቅ መልእክቶቹ ባንድ ጊዜ ዘነቡ። አሥራ አንድ ነበሩ። የመጀመሪያው “እማዬ፣ ደህና ነኝ” ይላል። ስድስተኛው “ለምን አትመልሽልኝም? ተቀየምሽኝ?” ይላል። የመጨረሻው ላይ ቃል የለም፤ ልጅቷ ትንሽ ተንፍሳ ዘግታዋለች። ልጅቷ አልተጣለችም ነበር፤ አልሐምዱሊላህ ኋላም በሰላም ተመለሰች። አዴ ግን ያን ስድስተኛውን መልእክት እስከ ዛሬ አላጠፉትም።

ወሬ ቤት እንደሚያቃጥል አልክድም፤ በስልክ የሚዞረውን ውሸት ከእኔ በላይ የሚያይ የለም። ነገር ግን ያ ማብሪያ ማጥፊያ ውሸትንና የእናትን ናፍቆት አይለይም። ሁለቱንም ባንድ ጣት ያጠፋል። የቀድሞው ደብዳቤ ጸሐፊ እንኳ ሲታመም ከማዶው በር ሌላ ጸሐፊ ነበር።

በእጃችን ያለው

ትልቁን እጅ እኔና እናንተ በሱቅ ወረፋ አንመልሰውም። የትንሿን ሱቅ ጉዳይ ግን እንችላለን። ስለዚህ፣ ወጣቶች ሆይ፣ በተለይ እንደ እኔ “ዐዋቂ” የተባላችሁ፦

የእናታችሁን ስልክ ተቀብላችሁ አትሥሩላት። ስልኩ በእሷ እጅ ይሁን፣ የእናንተ እጅ ከኋላችሁ ይታሰር። እጅግ ያስቸግራል፤ እኔ ሁለት ጊዜ ልነጥቃት ደርሼ ነበር።

በመልእክት የሚመጣው ቁጥር የቤት ቁልፍ ነው በሏት። እውነተኛው የቁልፍ ባለቤት አንቺ ነሽ፤ “ከመሥሪያ ቤት ነኝ” ያለ ሁሉ፣ ቢምልም ቢገዘትም፣ ቁልፉን ከጠየቀ ሌባ ነው በሏት። “ሽልማት ደርሶዎታል” እና “በስህተት ገንዘብ ልኬልዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ” የሚሉትም የዚያው ቤት ልጆች ናቸው። ለሁሉም መልሱ አንድ ነው፦ ስልኩን ዘግቶ ለሚያውቁት ሰው መንገር።

የሱቁ ልጅም ስልኩን አዙሮ ለባለቤቱ ይስጥ፣ ፊቱንም ይመልስ። እኔ ለእኛው ልጅ ነግሬዋለሁ፤ “ወረፋው ይረዝማል” አለኝ። ይርዘም።

ከሁሉ በላይ ግን የተታለለን ሰው አትቆጡ። ሌባው የሚተማመነው በሐፍረታችን ነው። እናቴ በዚያው ሰዓት ብትነግረኝ ኖሮ ቢያንስ ሒሳቡን በጊዜ እናሳግደው ነበር። እንዳትነግረኝ ያደረጋት የእኔ “ይህን እንኳ አታውቂም?” የምትል የቆየች ልማድ ናት።

እናቴን ሁለት ከሰዓት በኋላ አስተማርኳት። ማንበብ ባትችልም የቁጥሮቹን መልክ በአንድ ቀን ለየች፤ ዕድሜዋን ሙሉ በሙስበሃ ስትቆጥር የኖረች ሴት ቁጥር ይጠፋታል ብዬ ማሰቤ ራሱ የእኔ ሞኝነት ነበር። በመጨረሻ አዲስ ሚስጥር ቁጥር እንድታወጣ ነገርኳትና ስልኩን ሰጠኋት። ጀርባዋን አዙራ፣ ነጠላዋን ስልኩ ላይ ከልላ፣ ቀስ እያለች መታችው።

“ስንት አደረግሽው?” አልኳት፣ በልማድ።

ዞር ብላ አየችኝ። “አንተ ደግሞ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነህ?” አለችኝ።

ቁጥሩን እስከ ዛሬ አላውቀውም።