«ዴ»ን ከመሃል ጠይቋቸው

ይድረስ ለአጸደ ሕፃናት መምህራንና ርዕሳነ መምህራን፤

ጠዋት በደጃችሁ ሲያልፉ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» የሚለው የልጆች ድምፅ ደስ ይላል። ወላጅም «ልጄ እስከ ፐ ደረሰ» ብሎ ይኮራል። እስቲ ከዚያው ክፍል አንዱን ጥሩና ከገበታው መሃል «ዴ»ን አሳዩት። ብዙው ልጅ በጣቱ እየቆጠረ «ደ፣ ዱ፣ ዲ፣ ዳ…» ብሎ ነው የሚደርስባት። የያዘው ዜማዋን እንጂ መልኳን አይደለም። እናንተ ግን 33ቱ ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ 231ዱም እስኪዜሙ ድረስ ቃል አታስነብቡም።

«የአባቶች ዘዴ ነው» አትበሉን። የኔታ ሀሁን ካስቆጠሩ በኋላ አቡጊዳ ያስገቡ ነበር፤ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ» ሲባል ፊደሉም ድምፁም በየእርምጃው ስለሚቀየር የሀሁ ዜማ ልጁን አያወጣውም። (አቡጊዳም በቃል ይያዛል፤ ፊደሉን በስንጥር እየነኩ የሚያስነብቡት ለዚህ ነው።) ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት። እናንተ የመጀመሪያውን ደረጃ ወስዳችሁ ማጣሪያውን ጣላችሁት።

እ.ኤ.አ. በ2010 አማርኛን ጨምሮ በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ጥፋቱ ሁሉ የዜማው ነው አልልም፤ ድርሻ ግን አለው።

ስድስት ፊደል ብቻ ይዛችሁ ጀምሩ፦ ላ፣ ም፣ ል፣ ብ፣ ቤ፣ ት። በመጀመሪያው ሳምንት ላም፣ ልብ፣ ላብ፣ ቤት ይነበባሉ። ልጁ «ላ»ን አስረዝሞ ከንፈሩን ይግጠም፤ ላም አለ ማለት ነው። ከባዱ ሳድስ ነው። በገበታው ላይ «ም» ብቻዋን ስትጠራ ትንሽ አናባቢ ትከተላታለች፤ በ«ላም» መጨረሻ ግን የለችም። በ«ልብ» ደግሞ «ል» አናባቢ አላት፣ «ብ» የላትም። መጥበቅና መላላትንም ፊደላችን አያሳይም፤ «አለ» ተናገረ ይሁን ኖረ፣ የሚለየው ዐረፍተ ነገሩ ነው። ይህን መምህሩ በአፉ ካላሳየው ልጁ ከየት ያመጣዋል? ሐ፣ ኀ፣ ሠና ፀ ይቆዩ፤ የአምስት ዓመት ልጅ አንዱን ድምፅ በሁለትና በሦስት መልክ ለመሸከም አይቸኩልም።

ክፍላችሁ እንደተጨናነቀ፣ ወላጁም ዜማውን እንደሚጠብቅ እናያለን። ቢሆንም በሚቀጥለው የወላጆች ቀን የኅብረቱን ዝማሬ ትታችሁ፣ ልጆቹ አይተውት የማያውቁትን ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፉና አንድ በአንድ አስነብቡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ወላጅ