ሞተር ብስክሌት በሥነ ጥበብ መቅደስ

አሜሪካዊው የሥነ ጥበብ ሊቅ ቶማስ ክሬንስ፣ በዊሊያምስ ኮሌጅ መምህርና የቤተ መዘክር ኃላፊ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የሚገኘውን የጉገንሃይም ቤተ መዘክር ሲረከብ፣ የሠዓሊውን የካንዲንስኪን ሥዕሎች እንዲጠብቅ የተሾመው መጋቢ ከሸራና ከቀለም ባልተናነሰ ሞተር ብስክሌትን የሚወድ ጋላቢ መሆኑ ብዙ ሰው ያሳሰበ አይመስለኝም። ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን ይኸው ፍቅሩ በአደባባይ ተገለጠ፤ ፍራንክ ሎይድ ራይት እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየተጠማዘዘ እንዲወጣ አድርጎ ባነጸው አዳራሽ ውስጥ፣ ዝነኛው የሕንፃ ሊቅ ፍራንክ ጌሪ ዙሪያውን በሚያብለጨልጭ ብረት ካለበሰለት በኋላ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ ከተሠራው ባለ እንፋሎት ብስክሌት ጀምሮ 114 ሞተር ብስክሌቶችን አሰለፈ። ከ300 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብም ተመለከታቸው።

ሐያስያኑ ግን መቅደሱ ረከሰ፣ ቤተ መዘክሩም የነጋዴ መደብር ሆነ ብለው ጮኹ። ለመገልገያ የተሠራ ዕቃ የጥበብ ሥራ ሊባል አይገባውም የሚለውን ነቀፌታ እኔ አልቀበለውም፤ በዚያው ከተማ በሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር በመስታወት ውስጥ የሚታየው የአገራችን የመጾር መስቀልም ቢሆን፣ አንጥረኛው የሠራው ካህኑ ተሸክሞት ታቦት አጅቦ እንዲዞርበት እንጂ ጎብኚ እንዲያደንቀው አልነበረምና። ለዐውደ ርእዩ ገንዘብ ከሰጡት አንዱ ሞተር ብስክሌት ሠሪው ኩባንያ ቢ ኤም ደብልዩ ሆኖ ሳለ የራሱ ብስክሌቶች በዚያው መታየታቸው ግን በእርግጥ የሚያስነቅፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከተሰለፉት መካከል በ1969 በወጣው «ኢዚ ራይደር» በተባለው ፊልም ፒተር ፎንዳ የጋለበው፣ የፊት ሹካው የረዘመውና ታንኩ በአሜሪካ ባንዲራ ቀለም ያጌጠው ቾፐር የተባለ ሞተር ብስክሌት አምሳያ ይገኝበታል። የፊልሙ አዘጋጅ ዴኒስ ሆፐር ከክሬንስ ጋር በአንድ የሞተር ብስክሌት ማኅበር አብሮ የሚጋልብ ወዳጁ ነበረ። በፊልሙ የታዩትን ዋነኞቹን ብስክሌቶች ግን ፖሊስ ከተጠቀመባቸው አሮጌ የሃርሊ ሞተር ብስክሌቶች ያወጧቸው ክሊፍ ቮግስና ቤን ሃርዲ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ሲሆኑ፣ ስማቸው በፊልሙ ላይ ሳይጻፍ ቀርቶ ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ኖረ። ፊርማ የሌለው አሮጌ ሥዕል ሲያገኝ የማን እጅ እንደ ሆነ ለመለየት ዕድሜውን የሚፈጅ የሥነ ጥበብ ሊቅ፣ ብረት ቆርጦና በይዶ ለአንድ ትውልድ ምልክት ያበጀውን እጅ ለማወቅ የዚያኑ ያህል ሊደክም ይገባዋል፤ አለዚያ ሞተር ብስክሌትን ወደ መቅደሱ አስገብቶ ሠሪውን ከደጀ ሰላም መመለስ ይሆንበታል።

እንግዲህ ዛሬም ቾፐር የሚያቆም ቤተ መዘክር ሁሉ የሃርዲንና የቮግስን ስም ከጎማው ሥር በጉልህ ያስጽፍ፤ በበሩ ላይ የገንዘብ ሰጪው ስም ትንሽ ቢያንስ ቅር የሚለው ጎብኚ አይኖርም።