የሩቅ ብርሃን ሥዕልና የታማኝ ሰው ዓይን

ባለፈው ኅዳር ወር አንዲት ጎረቤታችን እቤቴ ድረስ መጥተው፣ «መምህር፣ እባክዎ ይህን ልጄን ይምከሩልኝ። ቀን ትምህርት ቤት ይውላል፤ ሌሊት ደግሞ ከጓሮ ወጥቶ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ያመሻል። ሰው ፎቶግራፍ ቢያነሣ ደግ ነበር፤ እሱ ግን የሚያነሣው ጨለማውን ነው» ሲሉ አመለከቱኝ። እናት ለልጅዋ ጤና ብታስብ የሚያስደንቅ አይደለም። ልጁን ቀድሞ ያስተማርሁት እኔ ስለ ሆንሁ፣ ነገሩን በዓይኔ ሳላይ ምክር አልሰጥም ብዬ በማግሥቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ጋቢዬን ደርቤ ወደ ጓሯቸው ሄድሁ።

ልጁ ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ረጅም ሌንስ ያለው ካሜራ አኑሮ፣ ከሥሩም እጅግ በዝግታ የምትዞር ትንሽ ሞተር አስሮ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። «መምህር፣ ቀስ ብለው ይራመዱ፤ ማቆሚያው ከተነቃነቀ ሥዕሉ ይበላሻል» አለኝ። የሚያነሣው ምን እንደ ሆነ ብጠይቀው፣ ፊቱን ወደ ሰሜን መልሶ ከፍ ባለው ሰማይ ላይ አንዲት የደበዘዘች ነገር አሳየኝ። እኔ ያየሁት በመስተዋት ላይ እፍ ያሉበትን ትንፋሽ ያህል ብቻ ነው። እሱ ግን «ይህች አንድሮሜዳ ናት» አለኝ።

አንድሮሜዳ ምንድን ናት? ፀሐያችን ከከዋክብት እንደ አንዱ ናት፤ ከመቶ ቢሊዮን በላይ ከሚሆኑ ሌሎች ከዋክብት ጋር ፍኖተ ሐሊብ በሚባለው ታላቅ ማኅበር ውስጥ ትኖራለች። እንዲህ ያለው የከዋክብት ማኅበር ጋላክሲ ይባላል። አንድሮሜዳም ከእኛው ማኅበር ውጭ ያለች ሌላ ጋላክሲ ናት። ብርሃን በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከአንድሮሜዳ ተነሥቶ እኛ ዘንድ ለመድረስ ግን 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ስምዋም ለጆሯችን ባዕድ አይደለም። በጥንታውያን ግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስና የንግሥት ካሲዮፔያ ልጅ ናት። ግሪኮች በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ቢሆንም፣ የአባትና የእናት የልጅም ስም እስከ ዛሬ በሰሜኑ ሰማይ ላይ ጎን ለጎን ተጽፎ ይገኛል።

ዓይን ያላየውን ካሜራ እንዴት ያያል ያላችሁ እንደ ሆነ፣ ምክንያቱ ቀላል ነው። ዓይናችን የተቀበለውን ብርሃን ከሰከንድ ክፋይ በላይ አያጠራቅምም፤ አሮጌውን እየጣለ አዲሱን ይቀበላል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ሙሉ ብናፈጥ እንኳ፣ ዓይናችን ጨለማውን ከለመደ በኋላ፣ ከመጀመሪያው የበለጠ አናይም። ካሜራ ግን በሩ ተከፍቶ እስከ ቆየ ድረስ፣ ከጣሪያ የሚንጠባጠበውን ውኃ እንደሚቀበል እንስራ፣ የብርሃኑን ጠብታ እያጠራቀመ ይቆያል።

ዳሩ ግን ምድር ትዞራለችና ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል የሚሄድ መስሎ ይታያል። ካሜራው ባለበት ቢቆም ኮከቡ ሁሉ እንደ መሥመር ይወጣል። ትንሿ ሞተር የምታስፈልገው ስለዚህ ነው፤ እርስዋም በትክክል እንድትከተል መዞሪያዋ ከምድር ዘንግ ጋር መስተካከል አለበት። በአውሮፓ ያሉ ሰዎች ይህን የሚያስተካክሉት የሰሜንን ኮከብ እያዩ ነው፤ ኮከቡ በእነሱ ዘንድ ከፍ ብሎ ይታያል። በአዲስ አበባ ግን ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል ዛፍና ተራራ ይጋርደዋል። ልጁ በእንጦጦ ሸንተረርና በባሕር ዛፉ መካከል ኮከቡን የሚያይበትን አንዲት ስፍራ ከጓሮው ለማግኘት ሦስት ሳምንት እንደ ፈጀበት ነገረኝ።

በዚያች ሌሊት እያንዳንዳቸው የአንድ ደቂቃ የሆኑ 120 ሥዕሎች አነሣ። እነዚህን በኋላ በኮምፒዩተር ደራርቦ አንድ ያደርጋቸዋል። የጋላክሲው ብርሃን በሁሉም ላይ በአንድ ቦታ ስለሚገኝ ይጠነክራል፤ እንደ ብናኝ የሚታየው ዝብርቅርቅ ግን በየሥዕሉ ስለሚለያይ እርስ በርሱ ይጣፋል። አንድ መቶ ሥዕል የደረበ ሰው ከአንዲቱ ሥዕል አሥር እጥፍ የጠራ ያገኛል።

ከሁሉ ይልቅ የደነቀኝ በመጨረሻ ያደረገው ነው። የሌንሱን ክዳን ገጥሞ ደግሞ ማንሣት ጀመረ። «ይህ ምን ይጠቅምሃል?» ብለው፣ «ካሜራው ከራሱ የሚያመጣው ጉድለት አለ፤ ብርሃን ሳይገባበትም ነጥብ ይሥላል። ክዳኑን ገጥሜ ባነሣ የሚታየው ሁሉ የካሜራው እንጂ የሰማዩ አይደለም፤ ያን ለይቼ ከሥዕሉ ላይ እቀንሰዋለሁ» ሲል መለሰልኝ። እንግዲህ እናቱ «የሚያነሣው ጨለማውን ነው» ማለታቸው በከፊል እውነት ኖሯል። ስለ ሌላው ከመናገሩ አስቀድሞ የራሱን ጉድለት የሚመረምር ሰው ስንት ነው? ብዬ እያሰብሁ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ ሥዕሉን አትሞ አመጣልኝ። በእውነቱ ውብ ነበር። በዓይን ትንፋሽ ብቻ የመሰለችው አንድሮሜዳ የተዘረጋ ሞላላ ገበታ ሆና፣ ጥቁር የአቧራ መቀነትዋን ታጥቃ ትታያለች። እኔም ከመደርደሪያዬ አንድ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ አውርጄ፣ በውስጡ ያለውን የጥንት ፎቶግራፍ ከጎኑ አኖርሁት።

የጥንቱን ፎቶግራፍ ያነሣው አይዛክ ሮበርትስ የሚባል ሰው ነው። ሮበርትስ በዌልስ ተወልዶ በሊቨርፑል በሕንፃ ሥራ የከበረ ተቋራጭ እንጂ በሙያው የሥነ ፈለክ ሊቅ አልነበረም፤ እንዲህ ያለው ሰው አማተር ይባላል፤ የቃሉም ሥር በላቲን «አፍቃሪ» ማለት ነው። 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መስተዋት ባለው ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 29 ቀን 1888 አንድሮሜዳን በመስተዋት ሰሌዳ ላይ አነሣ። ከዚያ በፊት እንደ ደመና ብቻ ትታይ የነበረችው ነገር በዙሪያዋ የተጠማዘዘ ቅርጽ እንዳላት በግልጥ ታየ።

ሮበርትስ ግን ያነሣውን ነገር ትርጉም አላወቀም። አንዲት ፀሐይ ከነፕላኔቶችዋ በመወለድ ላይ ያለች መሰለችው። እውነቱ የታወቀው ከ35 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ኤድዊን ሃብል በካሊፎርኒያ በዊልሰን ተራራ ባነሣው ሰሌዳ ላይ ብርሃኗ የሚጨምርና የሚቀንስ አንዲት ኮከብ በአንድሮሜዳ ውስጥ አገኘ። የዚህ ዓይነት ከዋክብት የሚጠሩት በኬፌዎስ ስም ነው፤ ሄንሪዬታ ሌቪት የምትባል አሜሪካዊት ቀደም ብላ የእነዚህን ከዋክብት የመለዋወጥ ጊዜ ከብርሃናቸው ብዛት ጋር የሚያገናኘውን ሕግ አግኝታ ስለ ነበር፣ ሃብል በዚያ ሕግ ርቀቱን ለካ። በተረቱ ውስጥ አባት የነበረው ኬፌዎስ የልጁን ርቀት ለማስለካት ስሙን አዋሰ ማለት ይቻላል። አንድሮሜዳ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ እጅግ ርቃ የምትገኝ ሌላ የከዋክብት ማኅበር መሆንዋ በዚህ ተረጋገጠ።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ሮበርትስ በትርጉሙ ተሳሳተ፤ ሥዕሉ ግን አልተሳሳተም። የታየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ስላኖረው፣ እሱ ያልገባው ነገር ለኋለኛው ትውልድ ተጠብቆ ቆየ።

ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ስመረምር አንድ ነገር ጎደለብኝ። በሮበርትስ ሥዕል ላይ፣ ከታላቂቱ ጋላክሲ ጠርዝ አጠገብ፣ አንዲት ክብ ብሩህ ነጥብ አለች። በልጁ ሥዕል ላይ ግን ያ ስፍራ ባዶ ነው። «ይህች ነጥብ ወዴት ሄደች?» ብዬ ብጠይቀው፣ ፊቱ ቀላ። «መምህር፣ የሌንስ እድፍ መስላኝ ነው። ሥዕሉን ለእናቴ ስለምሰጣት ንጹሕ እንዲሆንላት በኮምፒዩተር ፋቅኋት» አለኝ።

ያች ነጥብ እድፍ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1749 ለዠንቲ የሚባል ፈረንሳዊ ያያት፣ ዛሬ ኤም 32 ተብላ የምትጠራ፣ የአንድሮሜዳ ተከታይ የሆነች ራስዋን የቻለች ትንሽ ጋላክሲ ናት። በውስጥዋ ቢሊዮኖች ከዋክብት አሉባት። ልጁ ይህን ሲሰማ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «አንድ ሙሉ ጋላክሲ በጣቴ አጠፋሁ ማለት ነዋ!» አለ። ልቡ እንዳይሰበር፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በአርጀንቲና የሆነውን ነገር አጫወትሁት።

በሮሳሪዮ ከተማ የሚኖር ቪክቶር ቡሶ የሚባል የቁልፍ ሠራተኛ በቤቱ አናት ላይ የሠራው የከዋክብት ማያ ስፍራ አለው። በመስከረም 20 ቀን 2016 ሌሊት አዲስ ካሜራ ለመሞከር 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ቴሌስኮፑን ኤንጂሲ 613 ወደሚባለው ጋላክሲ አቀና፤ ርቀቱም በአንድ ግምት 80 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ነው። የከተማው መብራት ሰማዩን ስለሚያነጣው ረጅም ሥዕል ማንሣት አልተቻለውም፤ ስለዚህ 20 ሰከንድ ያህል የሚቆዩ አጫጭር ሥዕሎችን ደጋግሞ አነሣ። በመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ላይ ያልነበረች አንዲት ጥቃቅን ነጥብ በኋለኞቹ ላይ ታየችው፤ እየደመቀችም ሄደች።

እንዲህ ያለችውን ነጥብ የካሜራ ጉድለት ናት ብሎ መፋቅ እንዴት ቀላል ነበር! ደግሞም ሥዕሎቹን አስቀድሞ ደርቦ ነጠላዎቹን ቢጥላቸው ኖሮ፣ የነጥቧ ማደግ ከድምሩ ውስጥ ጠፍቶ በቀረ ነበር። ቡሶ ግን ከቀድሞ ሥዕሎች ጋር አመሳክሮ፣ አዲስ መሆንዋን አይቶ፣ ለሌሎች አስታወቀ። በሜሊና ቤርስተን የተመራው የሊቃውንት ጉባኤ ጥናቱን በየካቲት 2018 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት አወጣ። ነገሩ የአንዲት ግዙፍ ኮከብ ፍንዳታ ነበር፤ ከኮከቡ ውስጥ የተነሣው ኃይል የላይኛውን ገጽ ሰብሮ ሲወጣ የታየው የመጀመሪያው ብርሃን ተይዞ ኖሯል። ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ሊይዙት የተመኙት ቅጽበት ነው፤ የቁልፍ ሠራተኛውም ስም ከጥናቱ ጸሐፊዎች ጋር ታተመ።

ልጁ ይህን ሰምቶ አንድ ጥያቄ አቀረበልኝ፤ «መምህር፣ እንግዲያስ ሥዕሉን ማጉላትና ማድመቅ ራሱ ውሸት አይደለምን?» ጥያቄው መልካም ነው። የደበዘዘውን ሁሉ በአንድ ሚዛን ማድመቅ፣ ለደካማ ዓይን መነጽር እንደ ማድረግ ነው፤ ውሸት አይባልም። የካሜራውን ጉድለት በክዳን ፈትኖ መቀነስም እንዲሁ ነው፤ ምክንያቱም ጉድለቱ ተመስክሮበታል። ሳይመረምሩ አልወደድሁትም ብሎ መፋቅ ወይም ያልነበረውን ያምርልኛል ብሎ መጨመር ግን ሐሰተኛ ምስክርነት ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የመጀመሪያው የሰማዩን ነገር ለሰው ያሳያል፤ ሁለተኛው የሰውን ምኞት በሰማዩ ላይ ይሥላል።

ይህ በሰማይ ሥዕል ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም። የቤተሰባችንን ታሪክ ስንጽፍ፣ የአባቶቻችንን ደብዳቤ ስናስቀምጥ፣ ለልጆቻችንም ያየነውን ስንነግር፣ ትርጉሙ ያልገባንን ነገር እድፍ ነው ብለን ለመፋቅ እጃችን ይፈጥናል። ግን ለእኛ እድፍ የመሰለው ለልጅ ልጆቻችን ትልቅ ዕውቀት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያልገባንን ነገር ሳንነካው ብናስረክባቸው ይበጃል።

ለእናቱም የሰጠሁት ምክር እነሆ፤ ልጁ በትምህርት ቀን ዋዜማ በጊዜው ይተኛ፤ አርብና ቅዳሜ ግን ወፍራም ካፖርት ለብሶ እስከ እኩለ ሌሊት ይፈቀድለት። እሳቸውም ተስማሙ። ልጁ ነጠላዎቹን 120 ሥዕሎች አልጣላቸውም ነበርና እንደ ገና ደርቦ፣ ኤም 32ን በስፍራዋ መልሶ፣ ለእናቱ አሳትሞ ሰጣቸው። ዛሬ በሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ መጥቶ «ይህች ነጥብ ምንድን ናት? ቀለም ፈሶበት ነውን?» ያለ እንደ ሆነ፣ «የለም፤ እሷም ራስዋን የቻለች ናት» እያሉ ያስረዳሉ።

እናንተም አንባቢዎች ሆይ፣ በጥቅምትና በኅዳር ጨረቃ በሌለችበት ምሽት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከመብራት ራቅ ወዳለ ስፍራ ውጡ። ፊታችሁን ወደ ሰሜን አዙራችሁ፣ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ሩብ ሰዓት ያህል ታገሡ፤ ባለ ሁለት ዓይን መነጽር ቢኖራችሁ ደግሞ ይረዳችኋል። ያችን የትንፋሽ ያህል ብርሃን ያገኛችሁ ጊዜ፣ ልጆቻችሁ ያዩትን ብቻ ይንገሯችሁ፤ ያላዩትን አየን እንዲሉ አታስቸኩሏቸው።

በሚመጣው ወር እስክንገናኝ ድረስ በሰላም ቆዩ።