ያለ ጉዳይ መሄድ

ግምጃ ቤት አካባቢ ደን ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሁሌም ጉዳይ አለው። ወይ ገበያ ይወርዳል፣ ወይ የጠፋ ከብት ይፈልጋል፣ ወይ ለቅሶ ይደርሳል። አንድ የመንግሥት ደን ዳር ጥበቃው አስቆመኝና «ምን ፈልገህ ነው?» አለኝ። «ምንም፣ ልንሸራሸር ነው» አልኩት። አላመነኝም። ምሳር ይዤ ቢሆን ኖሮ ይከሰኝ ነበር እንጂ ግራ አይገባውም ነበር።

በሰውየው አልፈርድም። ለደን ሁለት ነገር ብቻ ነው ያስተማርነው፤ መቁረጥና ማጠር። የአዊ ገበሬ ዲከረንስን ተክሎ፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል አድርጎ ሸጦ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሷል፤ ይበል ነው። ግን ዛፍ ሁሉ ጆንያ ሆኖ ከታየን፣ ኮሶውና ጥቁር እንጨቱ ምን ሊሆን ነው? እንጅባራ እኮ በቀድሞ ስሟ ኮሶ በር ነበረች።

«ቱሪዝም እናለማለን» የሚሉትም ከዚህ አይሻሉም። ለእነሱ መዝናኛ ማለት በር፣ ትኬትና ሎጅ ነው። እንጦጦን አይተናል፤ በ2013 ዓ.ም. ፓርኩ ሲመረቅ መንገዱ አማረ፣ ብስክሌቱም መጣ። ያንን ተራራ ግን ለስንት ዘመን በእግራቸው ያቀኑት የባሕር ዛፍ ሸክም ያጎበጣቸው እናቶች ናቸው። ዘንገና ሐይቅም ዙሪያው በእግር የሚዞር ነው፤ ውበቱን ለማየት ሲሚንቶ አያስፈልገውም።

እኛ ዘንድ የእግር መንገድ አዲስ አይሠራም፣ አለ። የሚጎድለው ድንጋይ ላይ የተቀባ ምልክት፣ ጅረቱ ላይ የተጋደመ ግንድ፣ በአዊኛና በአማርኛ የተጻፈ አንድ ሰሌዳ ነው። ከሁሉም በላይ ግን «ማለፍ ይቻላል» የሚል ቃል። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የመንግሥት ደን፣ የማኅበረሰብ ደን፣ የማኅበር ደን፣ የግል ደን እያለ ባለቤቱን ለይቷል። ደህና። በመንግሥት ደን ውስጥ መንገደኛው ማን ነው? እንግሊዞች ይህን ጥያቄ የመለሱት በቀላሉ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ኪንደር ስካውት ተራራ ላይ ያለ ፈቃድ የወጡ ሠራተኞች ታስረዋል፤ ሕጉ የወጣው በ2000 ነው።

«ሰው ከገባ ይጨፈጨፋል» ይሉኛል። እስቲ የቤተ ክርስቲያን ደኖቻችንን እዩ። በየሰንበቱ ሰው የሚመላለስባቸው እነሱ ቆመው፣ ማንም የማያያቸው ሸለቆዎች ናቸው የተራቆቱት። ቆራጭ የሚፈራው አጥር አይደለም፣ ዓይን ነው።

«በዚህ ጊዜ ማን ይንሸራሸራል?» የሚለው ግን ከባድ ጥያቄ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን መንገድ መውጣት ራሱ ጭንቀት ሆኗል፤ ጫካ የሚለው ቃልም ሌላ ትርጉም ይዟል። ነገ ዘንገና ዙሩ አልልም። የምለው፣ ሰላም ሲወርድ መጀመሪያ የሚመጣው የሎጁ ፕላን እንዳይሆን ነው። ወረዳው አንድ መንገድ ብቻ መርጦ ይሞክር፤ ምልክት ከመትከሉ በፊትም እንጨት ተሸክመው የሚያልፉትን ሴቶች ክረምት ላይ የሚያንሸራትተው የቱ ጋ እንደሆነ ይጠይቅ። መሐንዲስ ሳይመጣ ያሳዩታል።