ጆሮ ጠቢው ቫይረስ

የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን «ባክቴሪያ እርስ በርሱ ይነጋገራል» ሲሉ እኛ የአርትስ ተማሪዎች እንስቃለን። ሣቁን ትተን ብናዳምጥ ይሻለን ነበር፤ ነገሩ የቢቸናና የሞጣ ገበሬን ጤና የሚነካ ነውና።

ባክቴሪያ የሚነጋገረው በኬሚካል ነው። እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ወደ ውጭ ይለቃል፤ ቁጥራቸው ሲበዛ ኬሚካሉም ይበዛል፤ በዚህ መብዛታቸውን ዐውቀው ብቻቸውን የማይሞክሩትን ሥራ በአንድነት ይጀምራሉ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን እምቢ ያለው የቢቸናና የሞጣ ገበሬም ይህን ያውቅ ነበር፤ አንድ ሰው ብቻውን እምቢ ቢል ይታሰራል፥ አገር ሲሰበሰብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፈረንጆቹ ለባክቴሪያው ጠባይ የሰጡት ስም ከስብሰባ ደንብ የተወሰደ ሲሆን በእኛ ቋንቋ ምልዓተ ጉባኤ ማለት ነው። (የተማሪ ስብሰባ ስንት ጊዜ በምልዓተ ጉባኤ ጉድለት እንደ ተበተነ ለሚያስታውስ፥ ባክቴሪያ ከእኛ ሳይሻል አይቀርም።)

ዳሩ ግን ጉባኤ ባለበት ጆሮ ጠቢ አይጠፋም። ባክቴሪያን የሚያጠቃው ቫይረስ፥ ማለት ባክቴሪዮፋጅ፥ ከገባ በኋላ ወይ ተደብቆ ይኖራል፥ ወይ ተባዝቶ ባክቴሪያውን አፈንድቶ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎቹ ጀስቲን ሲልፒና ቦኒ ባስለር እንዳሳዩት፥ ቪፒ 882 የተባለው ፋጅ የኮሌራ ባክቴሪያዎች የሚነጋገሩበትን አንድ ኬሚካል የሚቀበል መሣሪያ ራሱ ይዟል። ኬሚካሉ ሲበዛ በአካባቢው ገና ብዙ የሚያዝ አለ ማለት ነውና፥ ያን ጊዜ ገድሎ ይወጣል። የእድር ጥሩምባ ሰምቶ ባለቤቱ ለቅሶ የሄደበትን ቤት የሚዘርፍ ሌባ ብልጠቱ ይኸው ነው። ተመራማሪዎቹም ፋጁ እነርሱ በመረጡት ምልክት እንዲነሣ አድርገው፥ በላቦራቶሪ ሳልሞኔላንና ኢ. ኮላይን ጭምር አስገድለውታል።

«ይህ ለአሜሪካ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚሉ አሉ። አልስማማም። በ2015 ዓ.ም. በቋራ፥ በበርሚል ጊዮርጊስ ጠበል፥ ኮሌራ ገብቶ ስንት ምእመን ታመመ፤ የሞተም አለ። በየገበያ ከተማችንስ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቴትራሳይክሊን ገዝቶ፥ ሁለት ፍሬ ውጦ ሻል ሲለው የቀረውን ፈልፍሎ በልጁ ቁስል ላይ የሚነሰንስ ስንቱ ነው? መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ሲበዛ ሐኪሙ በምን ያክማል?

ይህ ፋጅ መድኃኒት ሆኗል አልልም፤ ገና የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ነገር ግን ፋጅን በሕክምና መጠቀም አዲስ አይደለም፤ ፌሊክስ ደኤሬል እ.ኤ.አ. በ1917 ስሙን ካወጣለት ጀምሮ ተሞክሯል፤ በጆርጂያ፥ በትብሊሲ፥ እስከ ዛሬ ይታከሙበታል። ፋጅ የሚገኘውም ባክቴሪያ ባለበት፥ በወንዝና በቆሻሻ ውኃ ውስጥ ነው። እርሱ ደግሞ አልጎደለብንም! እንግዲህ የባዮሎጂ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ከቢቸናና ከሞጣ ወንዞች ውኃ ይቅዱና ይመርምሩ፤ ያገኙትንም የጤና ረዳቱ በሚያነበው አማርኛ ይጻፉልን። ቃል ቢቸግራቸው እኛ አለን፤ ምልዓተ ጉባኤ የሚለው ከወዲሁ ተገኝቷል።