ሰማይ ለሚተኩስ ሰው ምን ቀለም ይመረጥለታል?

አረንጓዴ ይሻላል ወይስ ቀይ? የሞጣ ልጆች ክርክር ሰሞኑን ይኸ ሆኗል። በስልክ ያዩትን ነው የሚያወሩት፤ አፈሙዝ ጫፍ ላይ የምትገጠም፣ ያለ ባትሪ የምታበራ የፋይበር ኦፕቲክ ማነጣጠሪያ። አንዱ ቀይ ይላል፣ ሌላው አረንጓዴ፤ ድምፅ ይጋጋላል።

መልሱን ልስጣችሁና እንገላገል። ነገሩ ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ነው። በጎኑ ብርሃን ይሰበስባል፣ በጫፉ ያበራል። ብርሃን ከሌለ አያበራም፤ በጨለማ ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ናቸው። በቀን የሰው ዓይን ከሁሉ አጉልቶ የሚያየው 555 ናኖሜትር ገደማ ላይ ያለውን አረንጓዴ ነው። ሲመሽ ደግሞ ቀድሞ የሚጠቁረው ቀዩ ነው፤ ፑርኪንየ የተባለ የቼክ ሊቅ ይህን ካስተዋለ 200 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ወንዶችም በየመንደሩ አሉ፤ ለአንዳንዶቹ ቀይ ጭራሽ ደብዝዞ ነው የሚታያቸው። ቀይ የሚያሸንፈው ከፊት ያለው ሁሉ አረንጓዴ ሲሆን ነው፤ እንደ መስከረም የጤፍ ማሳ። ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው አረንጓዴ። አለቀ።

አሁን ተራው የእኔ ነው። ወንድሜ፣ ለመጨረሻ ጊዜ አልመህ የተኮስከው መቼ ነው?

እውነቱን እንነጋገር። በእኛ አገር ጥይት የሚያልቀው በሠርግ ነው። ሙሽራ ሲወጣ ይተኮሳል፣ ሙሽራ ሲገባ ይተኮሳል። ለቅሶ ላይ ይተኮሳል። ሰደፉ ዳሌ ላይ፣ አፈሙዙ ሰማይ ላይ፣ ዓይኑ እንግዶቹ ላይ። ማን አየኝ? ማን እልል አለልኝ? በማነጣጠሪያው ውስጥ አንድም ሰው አያይም። ታዲያ ቀይ ሆነ አረንጓዴ ምን ይፈይዳል? ደመናውን ልትመታ ነው?

ጥይት ሰማይ ላይ ተንኖ አይቀርም። ከክላሽ አፈሙዝ በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ ይወጣል። ዘንበል ተደርጎ ከተተኮሰ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። እስቲ ከዳሱ ተነሡና ሁለት ኪሎ ሜትር በሐሳብ ተራመዱ። ምን አለ? ትምህርት ቤት አለ። ገበያ አለ። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሕፃኗን አቅፋ የተኛች አራስ አለች። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የወጣው ጥይት እንኳ ሲመለስ የሰው ራስ ለመብሳት የሚበቃ ጉልበት ሊኖረው ይችላል። የሰውን አናት የማይምር ነገር ለቆርቆሮ ይራራል?

ሰው ሲሞትስ ምን እናደርጋለን? «ተባራሪ ጥይት መታው» እንላለን። «የእግዜር ነገር» እንላለን። እናለቅሳለን። ከዚያ ቀብሩ ላይ እንደገና እንተኩሳለን! የሟች ወገን ግን የእግዜር ነገር ነው ብሎ አይቀመጥም። ከማን ክላሽ እንደወጣ ያጠያይቃል። ደም የሚያውቅ አገር ውስጥ እንደምንኖር ረስተን ነው? በአንድ ቀን ፉከራ የተጀመረ ነገር ወንድምን ከአገሩ ሲያሳድድ፣ ሽማግሌ ሲያመላልስ ዓመት ያልፈዋል። ተኳሹ ያን ቀን ጭብጨባ ነበረው። ዋጋውን የሚከፍሉት ልጆቹ ናቸው።

«ባህላችን ነው፣ የአርበኛ ልጆች ነን» የሚለኝ ይመጣል። ደስ ይለኛል፣ ስለ አርበኛ እናውራ። የቢቸና አርበኞች ከበላይ ዘለቀ ጋር አምስት ዓመት ሲዋጉ ጥይት ከነፍስ እኩል ነበር። ከጠላት ካልተማረከ አይገኝም። በዚያ ዘመን አንድ ጥይት ሰማይ ላይ የሚበትን ሰው ቢገኝ ጀግና የሚለው ነበር? ማነጣጠሪያቸው ደረቅ ብረት ነበር፤ ቀለም አልነበረውም፣ ዓይን ግን ነበራቸው። እኛ «አልሞ ተኳሽ» የሚለውን ሙገሳ ወርሰን ማለሙን ትተናል። በስማቸው የምንፎክርበት አፍ ከየት መጣ?

ሌላው ደግሞ «መሣሪያችንን ልታስፈቱን ነው» ይላል። ይህን ፍርሃት አልንቀውም። በ1960 ዓ.ም. የሞጣና የቢቸና ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲያምፅ፣ የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ መሣሪያ አስመዝግቡ ማለታቸውም አንዱ የቁጣ ምክንያት ነበር። ገበሬው ቀጥሎ የሚመጣው መሬቱን መንጠቅ ነው ብሎ ጠረጠረ። ያ ገበሬ ጠመንጃውን የያዘው መሬቱን ሊጠብቅበት ነው። እኔም አስረክብ አላልኩም፤ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012ንም ልዘምርልህ አልመጣሁም። ያልኩት አንድ ነገር ነው፦ የጎረቤትህን ልጅ አናት ላይ አትተኩስ። ይኸ ትጥቅ ማስፈታት ነው?

አውቃለሁ፣ እናንተም ታስቡታላችሁ። ተኩሱ ሲጀመር ልጃችሁን ጎትታችሁ ወደ ቤት የምታስገቡት ለምንድን ነው? ባለሠርጉ ፊት ግን «እሰይ፣ አበጀህ» ትላላችሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያላችሁ ይሉኝታ ታቅፋችሁ ትቀመጣላችሁ። በይሉኝታ ስንት ሰው እንቅበር? ለአንድ ካዝና 30 ጥይት የወጣው ገንዘብ የልጆቹ ደብተርና ጫማ እንደነበር ለባለክላሹ የሚነግረው ማነው? ሚስቱ ታውቀዋለች። እንግዳ ፊት አፏን ይዘጉባታል።

ሽማግሌዎች ሆይ፣ ጥሎሽ ስትነጋገሩ፣ የሠርጉ ቀን ሲቆረጥ፣ «ተኩስ የለም» የሚለውን ቃል ከሁለቱም ወገን ተቀበሉ። ቄሶቹም ዳሱን ከመባረካቸው በፊት ክላሾቹ ካዝናቸው ወልቆ አንድ ቤት ይቀመጡ ይበሉ። ይኸ ማንንም አያዋርድም፣ አምስት ሳንቲምም አያስወጣም። እኔ በበኩሌ ተኩስ ያለበት ሠርግ አልሄድም፤ የአክስቴ ልጅም ቢሆን፣ አያ የምለው ታላቄም ቢጠራኝ። ጥሪ ሲደርሳችሁ «ይተኮሳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይተኮሳል ካሏችሁ ጥሪያቸውን መልሱላቸው።